ውርጭ ለአጋዘን የተዘራውን ጎመን ምን ያደርገዋል?

አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ለአጋዘን ምግብ ብሎ የጎመን ወገን የሆኑትን ተርኒፕ (ሥሩ ድቡልቡል የሆነ)፣ ፍጅልና ሬፕ (ለቅጠሉ የሚዘራ) የዘራ ሰው ሴፕቴምበር ላይ ማሳው ሳይነካ ለምልሞ ሲያይ ዘሩን ይረግማል። እባካችሁ፣ ማሳውን አርሳችሁ አትገልብጡት። ብርዱ ገና አልመጣም።

አገር ቤት ውርጭ ባቄላውን ሲያቃጥል እያየን ላደግን ሰዎች ለማመን ቢከብድም፣ እዚህ ማሳውን የሚያጣፍጠው ውርጭ ነው። የጎመን ወገን ቅጠል የሚመርና የሚያቃጥል ቅመም በውስጡ አለው። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ተክሉ ስኳር ያከማቻል፤ ስኳር ያለበት ውኃ ደግሞ ቶሎ በረዶ አይሆንም። ተክሉ ራሱን ለማዳን የሠራው ስኳር ለአጋዘኑ ጣዕም ይሆናል። በዚያ ላይ አኩሪ አተሩ ታጭዷል፣ የዛፉ ፍሬ አልቋል። ጎመኑን የለመዱ አጋዘኖች ግን ውርጭ ሳይጠብቁም ይበሉታል።

ስለዚህ የምትዘሩት ለኖቬምበርና ለዲሴምበር እንደሆነ አስቡ። ተክሉ ከከባድ ውርጭ በፊት ከ60 እስከ 90 ቀን ማደግ አለበት፤ እኔ የምዘራው በጁላይ መጨረሻ ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ጠበቅ ባለ አፈር ላይ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አትቅበሩት። ተርኒፕ ብቻውን ከሆነ ለአንድ ኤከር 2 ኪሎ ግራም ያህል ይበቃል። ቅጠሉ ከገረጣ ናይትሮጅን ርቦታል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ዩሪያ በትኑለት። የከሳ ተክል ብርዱ ቢያጣፍጠውም የሚበላ ነገር የለውም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሁሉም ብርድን እኩል አለመቻላቸው ነው። ቴርሞሜትሩ ለተከታታይ ሌሊቶች ከዜሮ በታች 6 እና 7 ዲግሪ ሲደርስ ፍጅሉ ቀድሞ ይሞታል፤ ሙቀት ሲመለስም በስብሶ ይሸታል። ቀጥሎ የተርኒፕ ቅጠል ይረግፋል። ሬፕና ኬል (ቅጠሉ የሚበላ የጎመን ዓይነት) እስከ 12 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ መቆም ይችላሉ። ቅጠል ሲያልቅ አጋዘኖቹ የተርኒፑን ሥር በሰኮናቸው ቆፍረው ያወጣሉ። ፍጅል ብቻ መዝራት ማሳውን ገና በመኸር መጨረስ ነው፤ እኔ ተርኒፕንና ሬፕን ደባልቄ፣ ዳር ዳሩን ብርድ የማይበግረውን ራይ የተባለ እህል ኦገስት መጨረሻ ላይ እዘራለሁ።

ስስ በረዶ ቅጠሉን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ ቀልጦ እንደገና የጠጠረ በረዶ ግን አጋዘኑን ከምግቡ ይለየዋል። ጠዋት ቅጠሉ በውርጭ ጠጥሮ ሳለ ማሳው ውስጥ አትግቡ፤ የተረገጠው ይሰበርና ይጠቁራል።

የምታድኑ ከሆነ ሥሩን ነቅላችሁ አትከምሩ፤ በሚኒሶታ አጋዘንን በማባበያ ምግብ ማደን ክልክል ነው፤ በበቀለበት ይቆይ። አንድን ቦታም ከሁለት ዓመት በላይ ደጋግማችሁ ጎመን አትዝሩበት፤ ሥር የሚያሳብጠው በሽታ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በሦስተኛው ዓመት ክሎቨር (ማገጥ) ወይም አጃ ዝሩበት።