የሩዝ ገለፈቱን ወረታ ላይ ጥለነው አንምጣ፦ ለማሳችን ሲሊከን ከራሱ ከሩዙ

ከባህር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታ ላይ ከሩዝ መፈልፈያ ቤቶቹ አጠገብ የሚከመረውን ገለፈት ሳታዩት አትቀሩም፣ ግማሹ እዛው ይቃጠላል ግማሹ ቦይ ውስጥ ይገባል። እኔን የሚቆጨኝ የፎገራና የሊቦ ከምከም ማሳ በየዓመቱ የሚያጣው ሲሊከን የሚባለው ንጥረ ነገር እዛ ክምር ውስጥ ተቀምጦ መቅረቱ ነው፣ ማሳ ላለው ሰው ደግሞ መመለሻው ከባድ አይደለም፣ ብር ሳይሆን ጉልበትና ጊዜ ነው የሚፈልገው።

ሲሊከን ለሩዝ ምን ይሰራል ለምትሉ፣ የሩዝ ቅጠል ጠርዝ እጅ የሚቆርጠው በሱ ምክንያት ነው። ሥሩ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ሲሊከን ይስበውና ቅጠሉና አገዳው ላይ ከላይኛው ቆዳ ስር ጠንካራ ሽፋን ሆኖ ይቀመጣል። ይሄ ሽፋን ሲኖር ብላስትና ቡናማ ነጠብጣብ የሚባሉትን የሩዝ በሽታዎች የሚያመጣው ፈንገስ በቀላሉ አይገባም፣ አገዳ ቆርቋሪ ትሉም ይቸገራል፣ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ከታች ያለውም ቅጠል ፀሐይ ያገኛል፣ ሰብሉም በንፋስ ቶሎ አይተኛም። ጃፓኖች ነገሩን ቀድመው ስለገባቸው በ1955 እ.ኤ.አ ሲሊኬትን፣ ሲሊከን ያለበትን ውህድ ማለት ነው፣ በይፋ ማዳበሪያ ብለውታል።

መጠኑ ነው የሚገርመው። 1 ቶን ሩዝ ለማምረት ተክሉ ከ50 እስከ 110 ኪሎ ሲሊከን ይስባል፣ ናይትሮጅን እንኳን በ20 ኪሎ አካባቢ ነው። ከዚህ ሲሊከን ውስጥ 80 በመቶ ገደማው ጭዱ ውስጥ ነው ያለው፣ የቀረው አብዛኛው ገለፈቱ ላይ ነው፣ እኛ የምንበላው ነጩ ፍሬ ውስጥ ከቁጥር የሚገባ የለም። እና እኛ ምን እናደርጋለን፣ ጭዱን ከስር አጭደን ለከብት እንወስዳለን፣ ገለፈቱን መፈልፈያ ቤት ጥለን እንመጣለን፣ ኩበቱን እናነድና አመዱን ጓሮ እንደፋለን፣ ለማሳው ዩሪያና ኤንፒኤስ ብቻ እንመልስለታለን። ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ አገዳው ይለሰልሳል፣ ብላስትም የሚወደው እንደዚህ አይነቱን ነው።

ጭዱን ለከብት አትስጡ አልልም፣ ፎገራ ላይ ከብት ያለው ሰው ያንን ሊሰማ አይችልም፣ ልክም ነው። ሁለት ነገር ግን ይቻላል። አንደኛው ስታጭዱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ቀሪውን ገለባ እዛው ማረስ ነው። ሁለተኛው እበቱ ነው። ላሟ የጭዱን ሲሊከን አብዛኛውን አትፈጨውም፣ በእበቷ ይወጣል፣ ስለዚህ ለማገዶ ከምትጠፈጥፉት ላይ የተወሰነውን ለኮምፖስት አስቀሩ፣ የነደደውም ኩበት ቢሆን አመዱ ውስጥ ሲሊከኑ ስላለ አመዱን ዝናብ በማይደርስበት ቦታ በጆንያ አጠራቅሙት።

አሁን ወደ ገለፈቱ። ከ10 ኩንታል ሩዝ 2 ኩንታል ያህል ገለፈት ይወጣል፣ 2 ኩንታል ገለፈት ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 40 ኪሎ ገደማ አመድ ይሆናል፣ ከዛ አመድ ውስጥ አብዛኛው፣ ከ85 በመቶ በላይ ማለት ነው፣ ሲሊካ (ሲሊከን ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ) ነው። ጥሬውን ገለፈት ማሳ ላይ መበተን ይቻላል ግን አልመክርም፣ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚበሰብሰው፣ ሲበሰብስም ከአፈሩ ናይትሮጅን ይሻማል፣ ሰብሉ መሀል ላይ ቢጫ ይሆንባችኋል። ወይ ከእበት ጋር ኮምፖስት ይሁን ወይ ይክሰል።

አከሳሰሉ ላይ ትንሽ ጠንቀቅ በሉ ምክንያቱም ጉዳዩ ያለው እሳቱ ላይ ነው። ገለፈት በኃይለኛ እሳት፣ ከ700 ዲግሪ በላይ፣ ሲነድ ሲሊካው ወደ ክሪስታል ይቀየርና ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ነጭ ወይም ሮዝማ የሆነ አመድ ካያችሁ ያ ለሩዙ ብዙም አይጠቅመውም። የምንፈልገው ጥቁሩን ወይም ግራጫውን ነው። ጃፓኖች ኩንታን የሚሉት አሰራር አለ፣ እኛም ጋ የሚሆን ነው፦ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ወይም አሮጌ በርሜል ጎኑን ዙሪያውን በሚስማር ብሱት፣ ከላይ የጭስ መውጫ ቧንቧ አድርጉለት፣ መሬት ላይ ትንሽ እንጨት አቀጣጥላችሁ በርሜሉን አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ድፉበት፣ ከዛ ገለፈቱን ዙሪያውን እስከ ቧንቧው ስር ድረስ ከምሩት። ነበልባል ሳይኖረው ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ይከስላል። ከላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ መታየት ሲጀምር ከስር ያልከሰለውን በአካፋ ወደ ላይ እያነሳችሁ አገላብጡ፣ ሁሉም ጠቁሮ ሳለ፣ አመድ መሆን ሳይጀምር፣ በርሜሉን አንስታችሁ ዘርግታችሁ ውሃ አጠጡት። ውሃው ላይ አትሰስቱ፣ ውስጡ ፍም ይዞ ይቆይና ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ቤት ያቃጥላል። ቀኑ ንፋስ የሌለበት ይሁን፣ ከጭድ ክምርና ከሳር ቤት ራቁ፣ አመዱንም ስትበትኑ አፍና አፍንጫ በጨርቅ ሸፍኑ፣ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው።

የት ይጨመር ለሚለው፣ መጀመሪያ የችግኝ መደቡ ላይ ነው። ምክንያቱም ዋናው ማሳ ብዙ ይበላል፣ በሄክታር ከ1 እስከ 2 ቶን አመድ ማለት ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ከ250 እስከ 500 ኪሎ ነው፣ ያ ደግሞ ከአንድ ሰው ምርት አይወጣም፣ ከመፈልፈያ ቤት በጋሪ ማመላለስ ይጠይቃል። መደብ ላይ ግን ለካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ነው፣ ያቺ የ10 ኩንታሏ 40 ኪሎ በግማሽ ኪሎ ሂሳብ 80 ካሬ ሜትር መደብ ትሸፍናለች። ዘር ከመዝራታችሁ በፊት በትናችሁ ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉት። አመድ ሳይሆን የከሰለ ጥቁር ገለፈት ከሆነ ካርቦኑም አብሮት ስላለ መጠኑን ወደ እጥፍ አስጠጉት። በብተና ለምትዘሩት ደግሞ ከመጨረሻው እርሻ በፊት ማሳው ላይ በትናችሁ እረሱት፣ ተክሉ ሲሊከኑን በብዛት የሚስበው ዛላ ከሚጀምርበት ጊዜ ወዲህ ስለሆነ እስከዛ አፈሩ ውስጥ ሟሙቶ መጠበቅ አለበት። ውሃ የተኛበት ማሳ ላይ ሲሊከኑ በተሻለ ይሟሟል፣ ስለዚህ ድንበሩን ጠግኑ።

አንድ የማትረሱት ነገር፣ አመድና ዩሪያ በአንድ እጅ አይበተንም! አመድ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ጋዝ ቀይሮ ያበረዋል፣ በተለይ የእንጨትና የኩበት አመድ። አመዱ ቀድሞ አፈር ውስጥ ይግባ፣ ዩሪያው በኋላ በሰዓቱ ይምጣ። ዩሪያና ኤንፒኤስም አይቀሩም፣ ሲሊከን የነሱን ቦታ አይተካም።

ኮምፖስት ለምትሰሩ ጥር ወይም የካቲት ላይ ጀምሩት፣ ከብት የተረፈው ጭድ፣ ገለፈት፣ እበት፣ ትንሽ አፈር፣ እያደራረባችሁ እያራሳችሁ በየሦስት ሳምንቱ አገላብጡት፣ ለሰኔ ይደርሳል። እምቦጭ ጨምሩበት የሚሉ አሉ፣ ፖታሽየም አለው ጥሩ ነው ግን ለሲሊከን ብላችሁ አትድከሙበት፣ ዘር የያዘውንም ወደ ማሳ እንዳታስገቡ።

ሁሉም ማሳ እኩል አያመሰግንም። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ደለል የሚያለብሱት ጥቁር ዋልካ አፈር ከላይ ከባዛልት ድንጋይ የታጠበ ስለሆነ ሲሊከን በተፈጥሮው አለው፣ ለውጡ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ጎርፍ የማይደርሰው ዳገታማ ማሳ፣ አሸዋ የሚበዛበት፣ ጭዱ ዘንድሮም አምናም ተጠርጎ የተወሰደበት፣ ብላስት የሚመላለስበት ማሳ ላይ ግን ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ስለዚህ ዘንድሮ ሙሉውን ማሳ አታድርጉት፣ መሀል ለመሀል አንድ ሰፋ ያለ መስመር ላይ አመድ ጨምራችሁ ጎኑን ያለ አመድ ተዉት፣ ዘሩም ዩሪያውም የተዘራበት ቀንም አንድ ይሁን። መስከረም ላይ ቅጠሉ የቆመውንና የተንጠለጠለውን፣ ነጠብጣቡን፣ የተኛውን አወዳድሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ከሁለቱም እኩል ስፋት ለካ ለካ አድርጋችሁ ለየብቻ ውቁና መዝኑ፣ ፍሬ አልባውን ዛላም ቁጠሩት።