ካምቢዮው ሲበላሽ፦ ይጠገን ወይስ መኪናው ይሸጥ?

ጋራዥ ውስጥ «ካምቢዮው አልቋል» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደውለው ለደላላ ነው። እባካችሁ ዛሬ አትደውሉ። በችኮላ የሸጠ ሰው ያንኑ የሚያህል መኪና መልሶ ልግዛ ሲል ምን ያህል መጨመር እንዳለበት ያያል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን «ጥገናው የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ካለፈ ጣለው» ይሉናል። እነሱ ባሉበት ያስኬዳል። እኛ ጋ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። የ20 ዓመት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ዋጋው አልወርድ ያለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ስሌታችንም የራሳችን መሆን አለበት።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ካምቢዮው ነው?

መኪናው ማንዋል ከሆነ ከፍሪሲዮን ጀምሩ። ፊት ለፊቱ ሰው በሌለበት ደልዳላ ቦታ የእጅ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙ፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተለቆ ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ ሸራው (ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ንጣፍ) አልቋል ማለት ነው፤ ያን ለመቀየር ካምቢዮው ይወርዳል እንጂ አይከፈትም፣ የዋጋው ልዩነትም ሰፊ ነው። ጩኸት ካለም አድምጡ፦ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከካምቢዮው ኩሽኔታ ነው፤ ሲረገጥ ብቻ የሚመጣው ደግሞ ከፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ።

ኦቶማቲክ ከሆነ ዘይቱ ራሱ ይናገራል። አብዛኞቹ የቶዮታ ኦቶማቲኮች የሚለኩት ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ነው፦ ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፉትና ወደ ፒ (ማቆሚያው) መልሱት፣ ከዚያ መለኪያውን መዝዛችሁ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉ። ቀላ ያለና ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ውስጥ ያሉት ሸራዎች እየነደዱ ነው። ወተት የተቀላቀለበት እንጆሪ ጭማቂ ከመሰለ የራዲያተር ውኃ ገብቶበታል፤ እሱ ሳይስተካከል አዲስ ካምቢዮ ብታስገቡ እሱንም ትገድሉታላችሁ። መለኪያ የሌላቸው መኪኖችም አሉ፤ እነሱን መካኒክ ከሥር ይለካቸዋል።

የእኔ ኮሮላ ከቆመበት ሲነሳ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ይዘገይ ነበር። አንድ ጋራዥ ካምቢዮ ይቀየር አለኝ፤ የተነገረኝ ዋጋ እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ሌላ መካኒክ መለኪያውን መዘዘና ጫፉ ብቻ እርጥብ መሆኑን አሳየኝ። በአክስሉ መግቢያ ላይ ዘይት የሚይዘው ጎማ ደርቆ ለወራት ሲያፈስ ኖሯል። ጎማው ተቀየረ፣ ዘይት ተሞላ፣ መኪናው ዛሬም ይሄዳል። ሁለተኛ ሰው ሳታሳዩ አትወስኑ የምለው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

የኮምፒውተር ምርመራውም እንዳያስደነግጣችሁ። ፒ0700 የሚለው ኮድ የካምቢዮው ኮምፒውተር ስህተት መዝግቧል ማለት ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ሶሌኖይድ (ዘይቱን የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ወይም የተበጠሰ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ፦ ሳህኑ ሲወርድ እዚያው ቁሙ

ከኦቶማቲኩ ካምቢዮ ሥር ያለው የዘይት ሳህን ሲፈታ ውስጡ ማግኔት ታገኛላችሁ። በጣታችሁ ጥረጉት። እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ዱቄት የዕድሜ ነው፣ አያስፈራም። የሚያብረቀርቅ ስባሪ ወይም የማርሽ ጥርስ ቁራጭ ከተገኘ ግን ዘይት መቀየር አያድነውም።

ሦስት ዋጋ ጻፉ

መኪናው ጤነኛ ሆኖ ስንት ያወጣል፤ አሁን ባለበት ስንት ይሰጡበታል፤ ጥገናው ስንት ይፈጃል። ለስሌት ያህል፣ ጤነኛው 1,500,000 ብር፣ የተበላሸው 1,150,000፣ ጥገናው 200,000 ቢሆን፣ ሳትጠግኑ መሸጥ 350,000 ያሳጣችኋል፤ መጠገን ግን 200,000 ብቻ። በዚያ ላይ የደላላ ኮሚሽን፣ የስም ማዛወሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምትገዙት አሮጌ መኪና ካምቢዮ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አለማወቃችሁ አለ። የራሳችሁን መኪና ቢያንስ ታውቁታላችሁ።

የጥገናውን ዋጋ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ለስንት ቀን እንደሚጸናም ጠይቁ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ቆሞ አይጠብቅም።

መሸጥ የሚሻለው መቼ ነው?

ካምቢዮው ብቻውን ካልሆነ። ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ፣ ዘይት የሚበላ ሞተር፣ ወይም ሻንሲው በዝገት የተበላ መኪና ላይ ካምቢዮ መግጠም ገንዘብ መቅበር ነው። ስለዚህ ለካምቢዮው ከመክፈላችሁ በፊት የሞተሩን ኮምፕረሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት) አስለኩ። መለዋወጫው የማይገኝለት ሞዴልም ከሆነ ሽጡት፤ ጉድለቱን ግን ለገዢው ንገሩት፣ ውሉም ላይ አስፍሩት።

ልትጠግኑ ከወሰናችሁ

አዲስ አበባ ባለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ካምቢዮ ስትገዙ በሞዴል ስም ብቻ አትግዙ። ሞተር ክፍል ውስጥ ወይም በር ሥር በተለጠፈው የመኪናው መለያ ላይ የካምቢዮው ኮድ ተጽፏል፤ ከሚሸጥላችሁ ጋር አመሳክሩት። ሊብሬ ላይ የሚሰፍረው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ስለሆነ የካምቢዮ ቅያሪ ሊብሬውን አይነካም። ሻጩ ካልሠራ የሚመልስበትን ቀን ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።

ከመግጠሙ በፊት የዘይት ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ ይታጠቡ፤ የድሮው ካምቢዮ ብናኝ እዚያ ተደብቆ አዲሱን ይበላዋል። ዘይቱን በተመለከተ ምንም አትለሳለሱ፦ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ ኦቶማቲክ ቪትዞች ሲቪቲ (በማርሽ ጥርስ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ ያላቸው) ናቸው፣ የሲቪቲ ዘይት ያስፈልጋቸዋል። ተራ የኦቶማቲክ ዘይት ቀበቶውን ያንሸራትተዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ይጨርሰዋል። ጣሳው ሲከፈት አጠገቡ ሁኑ፣ የተጻፈበትን አንብቡ።

500 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ የዘይቱን መጠን አስለኩ፣ ከሥር የሚንጠባጠብ ካለም እዩ።