ደም ብዛት ያለበት ሰው ቡናውን እንዴት ይጠጣ?

ሐዋሳ ውስጥ ደም ብዛት እንዳለበት የተነገረው ሰው ገና ቤቱ ሳይገባ የሚሰማው ምክር «ቡና ተው» የሚል ሲሆን፣ መካሪውም ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። የሲዳማ ቡና በየግቢው በሚቆላበት ከተማ ይህን ምክር የሚፈጽም ጥቂት ነው፤ ለአብዛኞቹ ሕመምተኞችም ጨርሶ መተው ግድ አይደለም። ይልቅስ ቡናው በራስዎ ሰውነት ላይ የሚያደርገውን ለክተው ይወቁ።

ካፌይን የደም ሥሮችን የሚያሰፋውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ስለሚያግድ ግፊት ለጊዜው ከፍ ይላል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ደግሞ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቡና በማያዘወትር ሰው ላይ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ከ5 እስከ 10 ሊጨምር ሲችል፣ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ግን ሰውነቱ ስለሚለምደው ጭማሪው አነስተኛ ነው።

ለመለካት፣ ጠዋት ቡና ሳይቀምሱ ሽንትዎን ሸንተው፣ ጀርባዎን ደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ በዝምታ ይቀመጡና ክንድዎን በልብዎ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ይለኩ። ከዚያ የለመዱትን ያህል ጠጥተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ቀጥሎም ሰዓት ሲሞላ ይለኩና ቁጥሮቹን ይጻፉ። ታቦር ተራራን ወጥተው የወረዱበት ጠዋት ለዚህ አይሆንም። እናቴ በልጆች ደብተር ጀርባ ለአንድ ሳምንት ስትጽፍ ከርማ 134/84 የነበረው በአቦል ቀን 143/89 እንደሚሆን፣ በቶና ቀን ግን እምብዛም እንደማይነቃነቅ ራሷ አየች። ወደ ጤና ጣቢያ ለመለካት ሲሄዱም ቢያንስ 30 ደቂቃ አስቀድመው ቡና አይጠጡ፤ ያለዚያ በቡና ምክንያት የወጣ ቁጥር መድኃኒት ሊያስጨምርብዎ ይችላል።

እናቴ ያየችው ምክንያት አለው። ካፌይን በፍል ውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ አብዛኛው በአቦል ይወጣል፤ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚፈላው ቶና የቀለለ ነው፣ በረካ ደግሞ ከእሱም ይቀላል። ስለዚህ አቦሉን ለሌላው ይተዉ። የቀረበ ሲኒ መመለስ ቅር ያሰኛል፤ ገና ቡናው ሲቆላ «ለእኔ ከቶና ጀምሪልኝ» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም። ጨው የሚገባበት ቡና ከሆነ ያለ ጨው እንዲቀዳልዎ ይጠይቁ፤ በጨው የታሸ ቆሎም እንደዚያው ነው። ማኪያቶ ወተት ስላለው ካፌይኑ አይጠፋም፣ ሻይም ካፌይን አለው። ጫት ራሱ ግፊትንና የልብ ምትን ስለሚጨምር ከቡና ጋር መደረቡ በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ልማድ ነው።

መቀነስ ከፈለጉ በየጥቂት ቀኑ አንድ ሲኒ ያጉድሉ። በአንዴ ያቆመ ሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምረዋል፤ በጾም ሰሞን ብዙዎች በረሃብ የሚያመካኙት ራስ ምታትም ከፊሉ ይኸው ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱ የካፌይንን ከሰውነት መውጣት ስለሚያዘገይ እስኪጨርስ ድረስ ቡናውን ያሳንስ።

ዐርፈው ደግመው ሲለኩ 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የንግግር መተሳሰር ካለ፣ የቡናው ነው ብለው ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።