ቀዩ ጭረት ከየት መጣ?

ሐይቅ ሄጄ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ጠርዛቸው ላይ ቀይ ጭረት ይዘው ወጡ። ፊልሙን ደሴ ቤቴ ያጠብኩት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩትም ኬሚካሉን ነው። 38 ዲግሪ መሆን አለበት፤ የደሴ ብርድ ደግሞ ይታወቃል። ግን ችግሩ ሙቀት ቢሆን ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ያበላሸው ነበር።

ኔጌቲቩን፣ ማለትም ብርሃን የነካው ቦታ ጠቁሮ የሚታይበትን የታጠበ ፊልም፣ መስኮት ላይ ይዤ አየሁት። ቀዩ ጭረት እዚያ ላይ ጥቁር እድፍ ነው፤ ከምስሉ አልፎ እስከ ፊልሙ ዳር ቀዳዳዎች ደርሷል። በሌንስ የገባ ብርሃን እዚያ አይደርስም። በካሜራው ጀርባ የገባ ግን ይደርሳል፤ መጀመሪያ የሚያገኘውም ቀይ ብርሃን የሚቀበለውን የፊልሙን ንብርብር ስለሆነ ፎቶው ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል።

የካሜራውን ጀርባ ስከፍት ብርሃን እንዳይገባ የሚዘጋው ስፖንጅ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ወይ ጉድ! በአልኮል ፈግፍጌ ጥቁር የሱፍ ክር አጣበቅኩበት። ቀጣዩ ፊልም ጥርት ብሎ ወጣ።