ሆድ ሲገፋ ልብሱ የት አለ? ጀርመን ለምትገቡ ደልደል ላላችሁ እህቶች

ጎረቤቴ ልጇን ልትሸኝ ሽር ጉድ ላይ ናት። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት። የልጅቷ ባል ፍራንክፈርት አካባቢ ነው ያለው። ለእረፍት መጥቶ ከተመለሰ አምስት ወሩ ነው። ቪዛውም ሆዱም አንድ ላይ ደረሱ።

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ስንጠጣ "እትዬ፣ ምን ልብስ ይዤ ልሂድ?" አለችኝ። እናትየው ቀደም ብላ መለሰች። "እዚያ ምን ይጠፋል? አገሩ ሙሉ ልብስ አይደል እንዴ!"

ስኒዬን አስቀምጬ ሳቅሁ። ልጅቷ እንደ እኔ ደልደል ያለች ናት። እኔም የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ጀርመን ነው። ያኔ እንደ እናትየው ነበር የማስበው። አንድ ሻንጣ ሙሉ በርበሬና ሽሮ ይዤ፣ ልብሱን እዚያ እገዛለሁ ብዬ ሄድኩ። ስድስተኛ ወሬ ላይ ሱሪዬ እንቢ ሲለኝ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። የእርጉዝ ልብስ ያለበት ክፍል 44 ቁጥር ላይ ያልቃል። የትልልቅ ቁጥር ክፍሉ ደግሞ ወፍራም ሴት እንደምታረግዝ የሰማ አይመስልም። የእኔ ቁጥር 48 ነበር። አንዷ ሻጭ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ለእርስዎ የሚሆን የለንም" ብላ ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። ባቡር ላይ አለቀስኩ። ሆርሞኑም አለበት መቼም።

ስለዚህ ለልጅቷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው። በቅርቡ የገባችሁም፣ ሻንጣ እያሰራችሁ ያላችሁም።

መጀመሪያ ሁለት ቃል ያዙ። ኡምሽታንድስሞደ የእርጉዝ ልብስ ነው። ግሮሰ ግሮሰን ትልልቅ ቁጥር ነው። እኔ ኤ ዋን የሚባለውን የጀማሪ ጀርመንኛ ስማር ሁለቱንም የነገረኝ የለም። አንድ ላይ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ ነው የእኛ ልብስ የሚወጣው። ሱቅ ውስጥ ያልተሰቀለው ብዙ ጊዜ ኦንላይን አለ። "ኤች ኤንድ ኤም" እና "ሲ ኤንድ ኤ" የሚባሉት ሱቆች የእርጉዝ ልብስ አላቸው፤ ከዚያ ጀምሩ። ኦንላይን የገዛችሁትን በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት የመመለስ መብት በሕግ አላችሁ። ሱቅ ገብታችሁ የገዛችሁትን ግን መመለስ በሱቁ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ሁለት ቁጥር እዘዙ፣ ቤት ለኩ፣ አንዱን መልሱ። አትፈሩ፤ ጀርመኖቹም እንደዚያው ነው የሚያደርጉት። ልብሱ ላይ የተንጠለጠለውን ምልክት ብቻ አትበጥሱት።

ቁጥር ላይ ሁላችንም የምንሳሳትባት ነገር አለች። ሆዴ ስለገፋ ሁለት ቁጥር ልጨምር እንላለን። የእርጉዝ ልብስ ግን የሚሰፋው ከማርገዛችሁ በፊት በነበረው ቁጥራችሁ ነው። ሆዱ ቀድሞ ታስቦበታል። ሁለት ቁጥር ጨምራችሁ ስትገዙ ሆዱ ልክ ይሆንና ትከሻው ክንዳችሁ ላይ ይወርዳል። እኔ አንድ ቀሚስ እንደዚያ ገዝቼ ቤት ውስጥ መጋረጃ መሰልኩ። ደግሞ ቁጥሩ በየአገሩ ይለያያል። የጀርመን 46 ፈረንሳይ 48 ነው፣ እንግሊዝ 20፣ አሜሪካ 16። በፊደልና በቁጥር አትመኑ፤ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ደረት፣ ከጡት በታች፣ ሆድ፣ ዳሌ። አራቱን በሴንቲሜትር ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ሆዱን በየወሩ አድሱት።

ከዚያ የሆዱ ነገር። የእርጉዝ ሱሪ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገቡ ላይ ያለው ላስቲክ ከሆድ በታች ይቀራል። ሌላው ሆዱን ሸፍኖ እስከ ጡት ሥር ይወጣል። ማስታወቂያው ፎቶ ላይ ያለችው ቀጭን ሴት ሆዷ ኳስ ነው፤ የትኛውም ይይዝላታል። የእኛ ሆድ ግን መሃሉ ላይ እጥፋት አለው። ላስቲኩ እዚያ እጥፋት ውስጥ ይገባና ተጠቅልሎ ይወርዳል። መንገድ ላይ ሱሪ ሽቅብ እየጎተቱ መሄድ ምን እንደሚመስል የለበሰ ያውቀዋል። ስለዚህ ሱሪና ታይት ከፈለጋችሁ እስከ ጡት ሥር የሚወጣውን ያዙ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ቀሚስ ይሻላል። ከሥሩ ከጉልበት በላይ የምትቀር ቀጭን ታይት አድርጉ። ጭን ለጭን መፋተጉን ታስቀርላችኋለች፣ በተለይ በሐምሌ። የጀርመን ሐምሌ እንደኛ ዝናብና ጭጋግ አይደለም። ያቃጥላል።

አሁን ከዚህ ይዛችሁ ስለምትሄዱት።

ቅዳሜውኑ ልጅቷን ይዤ ብሎካችን ሥር ያለችው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወረድን። ሱቋ ከአንዲት የእጅ ስፌት መኪናና ከአንድ ወንበር በላይ አትይዝም። እኔ በር ላይ ቆምኩ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ልጅቷን አየቻት። "ስንተኛሽ ነው?" "አምስት።" "አይመስልም እኮ!" ይሄን ሁላችንም ሰምተነዋል። ደልደል ያለች ሴት ስታረግዝ ቶሎ አይታወቅባትም። ታክሲ ላይ የሚነሳላት የለም፤ እንደውም "ጠጋ በይ" ነው የምትባለው።

ልብስ ሰፊዋ ልኳን ወሰደች። ከዚያ ጨርቁን ስትዘረጋ የፊቱን ቁራጭ ከኋላው አምስት ጣት አስረዝማ በሳሙና አሰመረች። ልጅቷ "ለምን ይረዝማል?" አለች። "ሆድሽ ይበላዋል" አለቻት። እውነቷን ነው። ሆድ ሲገፋ ቀሚሱን ከፊት ወደ ላይ ይስበዋል። መደበኛ ቀሚስ ስትለብሱ ከኋላ ቁርጭምጭሚት፣ ከፊት ጉልበት የሚሆነው ለዚህ ነው። እኔ የተሸበሸበ ነገር ከጡት ሥር እንዲጀምር ነገርኳት። ጎንና ጎኑ ላይ መጎተቻ ክር እንድታስገባ፣ ከወሊድ በኋላ እንዲሰበሰብ። ደረቱ ላይ ደግሞ ቁልፍ። ቁልፏ ለማጥባት ነው። ያኔ ሌላ ልብስ አትገዛም።

ጨርቁ ሳብ ሳብ የሚል ጥጥ ይሁን። ሽፎን ያምራል፤ ግን አይለጠጥም፣ ላብም አይመጥም። ሦስት ቀሚስ ብቻ አሰፉ። ከዚያ በላይ ማሰፋት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሰውነታችሁ ወዴት እንደሚሄድ ገና አታውቁም። አንዱ ሀበሻ ቀሚስ ይሁን ካላችሁ መነኑን ሰፋ አድርጋችሁ አሰፉት፣ መቀነቱ ግን እንዳይጠብቅ። ለጥምቀት የተሰፋውን የድሮውን ይዤ ልሂድ አትበሉ። አይገባም። እኔ ይዤ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ነጠላ አትርሱ። ባቡር ውስጥ ለማጥባት፣ ሆስፒታል ውስጥ ትከሻ ላይ ለመጣል፣ ሲናፍቃችሁ ለማሽተት።

ለአውሮፕላኑ ታይትና ሰፊ ቀሚስ፣ እግር ስለሚያብጥ ደግሞ ላላ ያለ ጫማ። እስከ ፍራንክፈርት በረራው ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቀበቶው ካልደረሳችሁ ማስረዘሚያ አላቸው፤ አስተናጋጇን በጆሮዋ ጠይቋት፣ ታመጣለች። ቀበቶውን ከሆድ በታች፣ ዳሌ ላይ እሰሩት። ከጉዞው በፊት ሐኪማችሁን ለበረራ ስለሚደረገው ጠበቅ ያለ የእግር ካልሲ፣ አየር መንገዱን ደግሞ እርጉዝ ሴት ለመብረር ስለምትጠየቀው የሐኪም ደብዳቤ ጠይቁ። እንደ ወራችሁ ነው የሚወስኑት።

እዚያ ስትደርሱ በአዲስነቱ የምትገዙት አንድ ነገር ቢኖር ጡት ማስያዣ ነው። ሌላውን ሁሉ ሰው የለበሰውን ልበሱ። ለዚህ ግን አትሰስቱ። ጡታችን ከማርገዛችንም በፊት ከባድ ነው፤ ሲጨምር ትከሻን ይቆርጣል፣ ጀርባን ያሳምማል። ከጡት በታች ያለውን በሴንቲሜትር ለኩና በአምስት ወደሚካፈለው ቅርብ ቁጥር አጠጋጉት። 96 ከሆነ 95 ነው። እንግሊዝና አሜሪካ ይሄው 42 ይባላል። ሽቦ የሌለው፣ ማንጠልጠያው ሰፋ ያለ፣ ከኋላ ሦስት አራት መቆለፊያ ያለው ምረጡ። ስትገዙ በሚያላላው በውጨኛው መቆለፊያ ላይ ሳይሆን በሚያጠብቀው በውስጠኛው ልክ መሆን አለበት፤ ደረታችሁ ገና ይሰፋል። የማጥቢያውን ጡት ማስያዣ መጨረሻው ወር አካባቢ ግዙ።

ደስ የሚለኝ ክፍል አሁን መጣ። ጀርመን ውስጥ በጸደይና በመኸር የልጆች እቃ ባዛር አለ። በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በየመዋዕለ ሕፃናቱ። የሰፈር እናቶች ልጆቻቸው ያደጉባቸውን ልብስ ያወጣሉ። ከመካከሉ የእርጉዝ ልብስ አይጠፋም። አንዳንዶቹ ባዛሮች ደግሞ እርጉዝ ሴቶችን ከሌላው ሰው ቀደም ብለው ያስገባሉ። መግቢያችሁ ሙተርፓስ ነው። ሙተርፓስ ሐኪሟ ወይም አዋላጇ መጀመሪያ የምትሰጣችሁ የእርግዝና ደብተር ናት። ከቦርሳችሁ አትለይ።

እኔ ሰባተኛ ወሬ ላይ አንዱ ባዛር ሄድኩ። በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። ሙተርፓሴን አሳየሁ። በሩን የያዘችው ሴትዮ ሆዴን አላየችም፣ ደብተሬን አየች፣ ፈገግ ብላ አስገባችኝ። ሆዴ የማያስረዳውን ደብተር አስረዳልኝ። ከሳጥኑ ሥር አንድ የ50 ቁጥር ጂንስ አገኘሁ። እንደ ሎተሪ ነው። ከሁለት ማኪያቶ ባነሰ ዋጋ ወሰድኩት።

ባዛሩ ካልገጠማችሁ ክላይንአንጻይገንና ቪንትድ የሚባሉ መተግበሪያዎች አሉ። የቀይ መስቀልና የካሪታስ የልብስ ማዕከላትም አሉ። እኛ አገር ሰልባጅ ሲባል አፍንጫ መንፋት አለ። እዚያ ሀብታሟም ትለብሰዋለች። እርጉዝ ሴት ልብሱን ሦስት አራት ወር ብቻ ስለምትለብሰው አብዛኛው አዲስ ነው የሚመስለው።

ገንዘብ ላጠራችሁ ይሄን በደንብ አንብቡ። ጆብሴንተር ከሚባለው የመንግሥት የሥራና የድጎማ ቢሮ ድጎማ የሚያገኝ ቤተሰብ ለእርግዝና ልብስና ለሕፃኑ መነሻ እቃ ለብቻው መጠየቅ ይችላል። ልዩ ክፍያ ነው፣ ከወርሃዊው አይቀነስም። ግን ማመልከቻው ከመግዛታችሁ በፊት መግባት አለበት። ደረሰኝ ይዞ መሄድ ከሰርግ በኋላ የሚደርስ መጥሪያ ነው። መጠኑ እንደ ከተማው ይለያያል። ሌላው ሙተር ኡንድ ኪንድ የሚባለው የፌዴራል ፋውንዴሽን ነው፤ ከ1984 ጀምሮ አለ። እሱንም ከመውለዳችሁ በፊት ነው የምታመለክቱት። በቀጥታ አይቀበልም፤ በእርግዝና ምክር ማዕከል በኩል ነው፦ ካሪታስ፣ ዲያኮኒ፣ ፕሮ ፋሚሊያ። ምክሩ ነፃ ነው። ድጎማ መጠየቅ የመኖሪያ ፈቃዴን ይነካ ይሆን ብላችሁ የምትሰጉም መጀመሪያ እዚያው ጠይቁ። ባላችሁ "ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ" ሲል ሰምታችሁ አትቅሩ።

ለእርግዝና ብላችሁ የብርድ ካፖርት አትግዙ። ለሦስት ወር ብሎ መግዛት ያናድዳል፣ የእኛ ቁጥር ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ዚፕ ላይ የሚገባ ማስፊያ ጨርቅ ይሸጣል፤ ያላችሁን ጃኬት ሆዳችሁ ድረስ ያሰፋዋል። በኋላ ልጁን ደረታችሁ ላይ ስታዝሉም ያገለግላል። እኔ እሱን እስካውቅ የባሌን ጃኬት ነበር የምለብሰው። ከውስጥ ጋቢ። ቆንጆ አልነበርኩም፣ ሞቆኝ ነበር።

ሌላ አገር ለገባችሁ ባጭሩ። አሜሪካ ፕላስ ሳይዝ በኤክስ ነው የሚጻፈው፤ ዋን ኤክስ፣ ቱ ኤክስ፣ ስሪ ኤክስ። ኤክስ ኤል እና ዋን ኤክስ አንድ አይደሉም፣ ዋን ኤክስ ደረቱም ክንዱም ይሰፋል። ሰፈራችሁ ባይ ናቲንግ የሚባል የፌስቡክ ቡድን ካለው ግቡ፤ ሰው በነፃ ይሰጣል። እንግሊዝ ያላችሁ የበጎ አድራጎት ሱቆቹን ዙሩ፤ በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ ለ12 ወር መድኃኒትና የጥርስ ሕክምና ኤንኤችኤስ በሚባለው የመንግሥት ጤና አገልግሎት ነፃ መሆኑንም አትርሱ። ዓረብ አገር ያላችሁ አባያ አለላችሁ። እናንተ ተገላገላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ እርግዝና ስንደብቅ እንኖራለን፤ ለሰው ዓይን፣ ለክፉ አፍ። ገብቶኛል። ግን አዲስ አገር ላይ ደብቆ ሰባት ወር መድረስ ያለ ልብስ መቅረት ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ውስጥ ለአንዲት ለምታምኗት ሴት ንገሩ። ሻንጣዋ ላይ የተጣጠፈ የእርጉዝ ልብስ ያላት ሐበሻ አትጠፋም። የእኔን 50 ቁጥር ጂንስ ከእኔ በኋላ ሁለት ሴቶች ለብሰውታል። ሁለተኛዋ እግሩን አሳጥራዋለች።

ትናንት ማታ የጎረቤቴ ቤት ሻንጣው ተመዘነ። 23 ኪሎ ነው የሚፈቀደው። ሚዛኑ 26 አለ። እናትየው የሽሮውን ፌስታል አቅፋ "እሱ አይወጣም" አለች። ልጅቷ ሦስቱን ቀሚስና ነጠላዋን ለይታ በእጅ የምትይዘው ቦርሳ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወረደች። ስትመለስ እጇ ላይ ቢጫ ሜትር ተጠቅልሏል። "ሸጠችልሽ?" አልኳት። "አይ፣ ሰጠችኝ" አለች። "ወልደሽ ስትመጪ መልሽልኝ ብላለች።"