የኦፕን ሶርስ ፓኬጆችን ተንከባካቢዎች እንዴት እናግዛቸው?

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩም ሆነ በከተማዋ ሶፍትዌር የምትሠሩ ወጣቶች በነጻ የምታወርዷቸው ብዙ የኦፕን ሶርስ ፓኬጆች (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገቡ ዝግጁ የሶፍትዌር ክፍሎች)፣ ከመደበኛ ሥራው በተረፈው ሰዓት በሚደክም አንድ ሰው፣ ማለትም በተንከባካቢው፣ ትከሻ ላይ ያረፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ተደብቆ የተገኘው የተንኮል ኮድ የገባው፣ ብቻውን ይለፋ የነበረውን ተንከባካቢ በማገዝ ስም ለዓመታት አመኔታ ባተረፈ ሰው በኩል ነበር።

በመጀመሪያ ሥራችሁ የተመሠረተባቸውን ፓኬጆች ዘርዝራችሁ በጣም የምትፈልጉትን አንዱን ምረጡ፤ እገዛ እንዴት እንደሚቀርብ የሚገልጸውን የአስተዋጽኦ መመሪያውንም አንብቡ። ከዚያም አዲስ ኮድ ለመጨመር ከመቸኮል ይልቅ ሌሎች ያመለከቷቸውን ስህተቶች በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ለመድገም ሞክሩ፤ ስህተቱ በየትኛው ቨርዥንና በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደተከሰተ ገልጻችሁ፣ ችግሩን የሚያሳይ አጭር ኮድ ጨምራችሁ ብትጽፉ ተንከባካቢው በፍለጋ የሚያጠፋውን ምሽት ታተርፉለታላችሁ፤ በእኔ እምነት ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለም። ኮድ ስትልኩ ለውጡ ትንሽ ይሁን፤ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ፣ ማለትም ቴስትም ይኑረው። ምላሽ ቢዘገይ አትወትውቱ፤ በኤክስዜድ ተንከባካቢ ላይ የበረታው ጉትጎታ ለተንኮሉ መንገድ ጠርጓልና። ፓኬጁ ለድርጅታችሁ ገቢ የሚያስገኝ ከሆነ ደግሞ፣ ገንዘብ መላክ ባይቻል እንኳ አንድ ሠራተኛ በየሳምንቱ የተወሰነ ሰዓት እንዲሠራበት መድቡ።