የግቢ ስፖርትን የሚያቀጭጩ የኃላፊዎች ስህተቶች

የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ስለ ስፖርት ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ ዋንጫ ያመጣውን ቡድን ይጠቅሳሉ። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ ጥቂት ልጆች ናቸው። የመዝናኛ ስፖርት ለቀረው ተማሪ ነው፤ ኳስ እምብዛም ለማይችለው፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ከዶርም ልጆች ጋር ገና ላልተላመደው ፍሬሽማን። አሜሪካ ውስጥ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን የለየው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ለተማሪዎች የእርስ በርስ ውድድር ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ፤ በ1928 ሕንፃም ሠራለት። እናም እርስዎ ኃላፊ ከሆኑ፣ ከዋንጫው ይልቅ በዓመቱ መጨረሻ ስንት ተማሪ ሜዳ እንደወጣ ያስቆጥሩ።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ተማሪ ሳለሁ ግቢያችን አዳዲስ ኳሶች ነበሩት። ያየኋቸው ግን በንብረት ክፍሉ መስኮት በኩል ብቻ ነው፤ ከነላስቲካቸው መደርደሪያ ላይ። ከክፍል የምንወጣው አሥራ አንድ ሰዓት። ንብረት ክፍሉ የሚዘጋውም አሥራ አንድ ሰዓት። የጨርቅ ኳስ ጠቅልለን እንጫወት ነበር። በንብረት ሠራተኛው አልፈርድም፤ አንድ ኳስ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ተማሪው መታወቂያ አስይዞ እንዲወስድ መፍቀድና አንድ ሰው በማታ ፈረቃ መመደብ ከባድ አይደለም።

«ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ማለትም ሌላ ስህተት ነው። መልበሻ ክፍል የለም። ሲመሽ መብራት የለም። ሜዳው ዳር ወንዶች ቆመው ይተርባሉ። እንዲህ ባለበት ማን ይመጣል? ለእነሱ ብቻ የተመደበ ሰዓት ይኑር፤ የመረብ ኳስ መረብም ይዘርጋላቸው።

ሥራውን ለአንድ መምህር በትርፍ ሰዓት መደረብም አያዋጣም። የራሱ ባለሙያ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ዊሊያም ዋሰን የተባለ የግቢ ስፖርት ባለሙያ፣ አሜሪካ ኒው ኦርሊንስ በሚገኘው ዲላርድ ዩኒቨርሲቲ የ11 የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆችን የግቢ ስፖርት ኃላፊዎች የሰበሰበው፣ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው ብሎ ነው። ዛሬ የአሜሪካ የግቢ ስፖርት ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው ያ ስብስብ ነው።

በጀት ሲጠብ ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው የሜዳ ጥገና ነው። አዲስ ትሪቡን ከማሰብዎ በፊት የተቀደደውን መረብ ያስቀይሩ፤ ጉድጓዱን ያስደፍኑ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ያለው ከጎሉ ፊት ለፊት በነበረ ጉድጓድ ነው። ስመረቅም እዚያው ነበር።